ከኖራው በርሜል አጠገብ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ትናንት ለስድስተኛ ክፍል ስለ ካልሲየም አስተማርኩ። ጠመኔውን ከፍ አድርጌ፣ «እዚህ ውስጥ፣ ግድግዳ በምንቀባው ኖራ ውስጥ፣ በአጥንታችንም በወተትም ውስጥ ካልሲየም አለ» አልኳቸው። ተገርመው ጻፉ። እኔም ጥሩ አስተማሪ የሆንኩ መስሎኝ ዋልኩ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት የተማሪዬን የዘሃራን እናት ከኖራው በርሜል አጠገብ አገኘኋቸው። ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ትምህርት ቤቱን ልንቀባበት የበጠበጥነው ኖራ ነው። ሕፃን ታቅፈዋል። በጣሳ የቀዱትን ወደ ሕፃኑ አፍ ሲያስጠጉ ሮጬ ጣሳውን ከእጃቸው መታሁት።

«አይቆጡኝ መምህር» አሉ። «ጡቴ ከደረቀ ሰነበተ። ኖራውም እንደ ወተቱ አጥንት የሚያጠነክር ነገር አለው ብለው እንዳስተማሩ ዘሃራ ነገረችኝ። በውሃ ሳቀጥነው ደግሞ ወተት መሰለኝ።»

«ጉሮሮ ያቃጥላል እትዬ፣ ይገድላል» አልኳቸው።

የሕፃኑን አፍ አየሁ። ደርቋል እንጂ ነጭ ነገር የለበትም። እሳቸው መሬት ላይ የፈሰሰውን እያዩ፣ «ታዲያ የማይገድለው የት ይገኛል?» ብለው ጠየቁኝ። አምና ሁለት ላም ነበራቸው። ቤት የቀረችኝን በሶ አምጥቼ ሰጠኋቸው።

ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ «በየቀኑ ወተት እንጠጣ» ይላል፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ። አጠፋሁት። የልጆቹ ደብተር ላይ ግን አለ።