የነከስከው ዳቦ

ውድ ወንድሜ ኢልሆም፣ ይህች ወረቀት በጤናህ ታግኝህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ውሻህ ቦይናቅ አርጅቶ ማለዳ ማለዳ እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል። የእንስሳት ሐኪሙ «የደሙ ስኳር እየወረደ ነው። ድዱን ማር ቀቡት፤ ሲነቃ ቶሎ አብሉት» አለን። ማሩን ስቀባው ይነሳና ወደ በሩ ሄዶ፣ ማንም ሳይኖር፣ ለአንተ ብቻ እንደሚያደርገው ጭራውን ይቆላል።

ባለፈው ሳምንት ይኸው ሆዳም፣ ስትሄድ አንዴ ነክሰኸው፣ ተመልሰህ እንድትጨርሰው ግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ዳቦ አውርዶ በላው። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሌላ ጋግሬ፣ እኔው ነክሼ ሰቀልኩት።

ትናንት እማዬ ዳቦውን ትክ ብላ ስታየው ቆየችና፣ «ሙናቫር፣ የወንድምሽ የፊት ጥርስ የተሰበረ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

አላህ ፊትህን እስኪያሳየን፣ የእጅ ጽሕፈትህን ያሳየን። አንድ መስመር ይበቃናል።

እህትህ ሙናቫር