ያልተወጋች ጣት

ግንቦት 4
«የደም ስኳር፦ 92። መደበኛ። ለማንኛውም ግዳጅ ብቁ።» የዘንድሮው የጤና ቅጼ ቃል በቃል እንዲህ ይላል። በሦስት ኪሎ ሜትሩ ሩጫም ከሃምሳ ዓመት በላይ ካለነው አንደኛ ወጣሁ። ወታደሮቹ «ሽማግሌው ሚዳቋ» ይሉኛል... ደስ ይለኛል፤ አልክድም።

ግንቦት 11
መነጽር ልቀይር ሄድኩ። ሰሞኑን ፊደል ይደበዝዝብኛል። የዓይን ሐኪሟ አየችኝና፣ «አባቴ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»
«እኔ? ወታደር ነኝ። በየዓመቱ እመረመራለሁ።»
ጣቴን ወጋችኝ። 287። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? በሌላው ጣት ደገመችው። 291።

ግንቦት 12
የድሮ ቅጾቼን አወጣሁ። አምና 92። ካቻምና 92። ከዚያ በፊትም... 92። ሰው አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ይቆማል? ለመሆኑ ጣቴ መቼ ተወጋ? አልተወጋማ!
ባለቤቴ፣ «ውሃውን በጆግ ስትጨርስ ስነግርህ፣ ‹ቅጹን አንብቢ› አልከኝ» አለች። እውነቷን ነው።

ግንቦት 15
የጦር ክፍላችን ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ሚዜዬ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ወንድሜ። ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።
«አንተ ሰውዬ፣ እንደዚያ እየሮጥክ ምን ስኳር ይይዝሃል?»
«ደም ሳትወስድ 92 ከየት መጣ?»
«የሩጫውን ሰዓት ላሟላ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሞላው። መመርመሪያው ለወፍራሞቹም አይበቃ። ደግሞ ብቁ ባልልህ ማዕረግህ እዚያው ይቀር ነበር። ውለታ ዋልኩልህ እኮ!»
ውለታ... የግራ እግሬ ጣቶች ከደነዘዙ ስድስት ወር ሆናቸው። ጫማ የጠበበኝ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 16
አልሮጥኩም።

ግንቦት 19
የማሠለጥናቸውን ሰዎች ቅጽ አስወጣሁ። ሰዓቱን ያሟሉት 104 ናቸው። የሁሉም ስኳር 92! የሩጫ ሰዓታቸውን የያዝኩት ደግሞ እኔ። ፊርማዬ ከሥሩ አለ።
ከልምምድ በኋላ ከ104ቱ አንዱ የሆነው ሾፌሬ ኮዳውን ጨርሶ የጓደኛውን ለመነ። «ጌታዬ፣ ሰሞኑን ውሃ አልጠግብ አልኩ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ግንቦት 20
ሾፌሩን ይዤው ሄጄ አስመረመርኩት። 310። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

ግንቦት 22
ለሐኪሙ ደብዳቤ ሰጠሁት፤ ግልባጩን ለአዛዡ። ሠላሳ ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው «እርስዎ» ብዬ ጻፍኩ። መጨረሻው ይኸው፦
«የ104 ሰዎች ደም በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ ተወሰደ? ካልተወሰደ፣ ሁሉም ጣቱን የሚወጋበትን ቀን ይቁረጡ። የቃል መልስ አልቀበልም። እስከ ሰኔ 1 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።»