የወፏ ዘር የታወቀ ጊዜ

ለወንድም ጋሼ ዱድሊ፣

ባሕር ቢለየንም ከልቤ አልራቅህምና እንደምን ከረምህ? እኛ ኢሳቤል ደሴት በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን።

በሌሊት የምትጮኸውን አፈ ሰፊ ወፋችንን ያጠኑት ሰዎች ተመልሰው መጡ። የአውስትራሊያዎቹ ወፎች ዘመድ ትባል አልነበር? አጥንቷንም ደሟንም መርምረው፣ «በመልክ ብትመሳሰልም ዘሯ ሌላ ነው» አሉን። ይሄኔ ባለቤቴ ሞፋት ልጃችንን ኔስታን እያየ፣ «ሰውስ ትመረምራላችሁ?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞፋት ለብቻው ነው የሚበላው። ኔስታ ዓሣ ስታቀርብለት ቀና ብሎ አያያትም። እናታችን የአገራችንን ልማድ ይዛ፣ «ልጅ እንደሆነ የእናቱ ጎሳ ነው፤ እሱ ምን አገባው!» ትላለች። እሷ ምን አለባት!

አንተ ያለህበት ከተማ፣ የሆኒያራ ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ይባላል። ኔስታን በሚቀጥለው መርከብ እልክልሃለሁ፤ ተቀበላት። ለምን እንደመጣች አትጠይቃት፤ አታውቅም። እኔንም አትጠይቀኝ።

ጤናህን የምትመኝ እህትህ ሂልዳ