በር የነበረው መቃብር

ወንድም ዓለም፣

ከክፍል ልጆች ጋር የጥንት የድንጋይ መቃብር ልናይ መጥተናል። ብታየው የኛ የፈረሰው የዶሮ ቤት ነው ትል ነበር፤ ሦስት ድንጋይ ቆሟል፣ ጣሪያው ወድቋል። አስጎብኚዋ ግን «ይሄ አጥንቱ ነው፤ ድሮ አፈርና ሣር ለብሶ ትልቅ ጉብታ ነበር፤ ያቺ ክፍተት ደግሞ በሩ ናት» አሉን።

«ለሞተ ሰው በር ምን ያደርግለታል?» አልኳቸው።

«ለዘመዶቹ ነዋ፣ የኔ ልጅ! እየከፈቱ ይገቡ ነበር።»

ያንተ በሲሚንቶ ተደፍኗል።

ቦታ አለቀብኝ። ይቺን ፖስት ካርድ እማዬ መቃብርህ ጋ መጥታ ታነብልሃለች፤ እሷን ሳምልኝ። በቀበርንህ ማግስት፣ ብቻዬን በነቃሁበት ጠዋት፣ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ «አታንኳኳም እንዴ?» ብለህ እንዳትጮህብኝ የመኝታ ክፍላችንን በር አንኳኳሁ።