ሐኪሞቹስ?

ሲያትል፣ ጥር ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሕዝቅኤል፣ ሞንሮቪያ

ወንድም ጋሼ፣ ኢቦላን ልታክም ከሄድክ ወዲህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከማያባራው ዝናብ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ኮሌጅ የታሪክ ክላስ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ መምህራችን የድሮ የጣሊያን ሥዕል አሳየችን። ሴቶች አደባባይ ላይ ይጨፍራሉ፤ ነጋዴዎች በቅሎ እየነዱ ከተማ ይገባሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ በመጣው ወረርሽኝ ሠዓሊውም ሞተ አለችን። የሮማው ጳጳስ በሽታው እንዳይደርስባቸው ሁለት እሳት አስነድደው መሐል ተቀመጡና ተረፉ፤ ባለሥልጣኖቹ ወደ ገጠር ሸሹ።

እጄን አውጥቼ፣ "ሐኪሞቹስ?" አልኳት።

"ብዙዎቹ ከበሽተኞቻቸው ጋር ቀሩ" አለችኝ።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ስልኬን ሳይ ሠፈሬን ሬኒየር ቫሊን አልፌ ሄድኩና በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ብቻ ጓንትህን ስታወልቅ አትቸኩል።

በጥምቀት ዕለት እማዬ ከደሴ ደውላ፣ "ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋብኝ። አንቺ ጋ ደውሏል?" አለችኝ።

"ትናንት አወራን፤ እየሳቀ ነበር" አልኳት። ደስ ብሏት ዘጋችው።

ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ውሸታም አታድርገኝ።

በምትገባበት በር ሁሉ አምላክ ይቅደምልህ።

እህትህ እስከዳር