የእናኑ ቢራና የእኔ ወይራ

ማክሰኞ

ከብልባላ እስከ ኮን ለምትገኙ ወዳጅ ዘመዶች በሙሉ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጓዳችን ሲያጉረመርም የከረመው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዝም ማለቱን በታላቅ ክብር እናስታውቃለን። የዓይን ምስክሮቹ እኔና ድመቷ ነን። ድመቷ አስተያየት ከመስጠት ተቆጥባለች።

በርሜሉ የልጅ ልጄ የእናኑ ነው። ውስጡ ያለው ቢራ ነው። አዎ፣ ቢራ፤ በእኔ ቤት፣ ጎተራው በነበረበት ጥግ። እናኑ አዲስ አበባ ስድስት ዓመት አንድ ትንሽ ቢራ መጥመቂያ ስትሠራ ቆየች። ከወር በፊት ይሄን ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል፣ ሁለት ትንንሽ የብረት በርሜልና የጋዝ ሲሊንደር አስጭና መጣች። «በላስታ ገብስ ቢራ እጠምቃለሁ» አለች።

«ጠላ ማለትሽ ነው?» አለቻት ባለቤቴ ጥሩወርቅ።

«አይ እማማ፣ ቢራ።»

«እኮ፣ ጠላ።»

ሦስት ቀን እንዲህ ተባባሉ። እኔ አንዴ ለአንዷ፣ አንዴ ለሌላዋ እየፈረድኩ ደስ የሚል ጊዜ አሳለፍኩ።

ደግሞ ነገሩ ቀልድ ብቻም አይደለም። በአሸተን ማርያም መንገድ የእንግዳ ማረፊያ ያለው አቶ መላኩ እሁድ ሊቀምስ ይመጣል። ከወደደው ለእሱ ትጠምቃለች፤ እዚሁ ትቀራለች። ካልወደደው ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች፤ የድሮ አሠሪዋ ቦታዋን ከዚህ ሳምንት በላይ አልይዝልሽም ብሏታል።

እኔም «ለመንገዱ ትራስ አትርሺ፣ ወገብሽን ይይዝሻል» አልኳት። ሳቀች። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ማታ ራት ላይ ለእኔ የደረሰኝ ወጥ ከወትሮው ቀጠን ያለ ነበር።

ረቡዕ

ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለ መጠጥ ከማውራት በቀር የተፈቀደ ነገር የለም። ስለዚህ አወራን።

እናኑ እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባባ፣ በዕድሜዎ የጠጡትን ቢራ ሁሉ ይንገሩኝ። የአገሩን ሰው ምላስ ማወቅ አለብኝ።»

ትክክለኛውን ሰው ነው የጠየቀችው። ሠላሳ ዓመት በበቅሎ እንግዳ ወደ አሸተን ሳወጣ ኖሬአለሁ። ፈረንጅ ደግሞ ተራራው ላይ ሲደርስ ቸር ይሆናል፤ ከቦርሳው ያለውን ያወጣል። ስማቸውን አልጠራም፤ ጠማቂዎችም እናት አላቸው። ያስጻፍኳት ይሄ ነው፦

በጣም የወደድኩት፦ የመጀመሪያ ልጄ ሠርግ ላይ የጠጣሁት ርካሹ የአገር ውስጥ ቢራ። ጠርሙሱ ሌሊቱን ምንጭ ውስጥ አድሮ ነበር። መለያው ለቆ ስለጠፋ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ፈልጌዋለሁ፤ ወይ ቢራው የለም፣ ወይ ሠርጉ የለም።

በጣም ያልወደድኩት፦ ያው ዓይነት ቢራ፣ ግን በአህያ ተጭኖ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ብልባላ ገበያ የደረሰ። ሲከፈት ተኮሰ። ግማሹ ሸሚዜ ላይ ቀረ፤ ግማሹን ጠጣሁ። የተሻለው ሸሚዜ ላይ የቀረው ነበር።

ጥቁሩ፣ በቆርቆሮ፦ አንድ ጢማም ፈረንጅ የሰጠኝ። እያረረ የተረሳ ቆሎ ይመስላል። መጀመሪያ ጠማቂው ተኝቶበት ነው ብዬ አዘንኩለት። ሁለተኛውን ስጨርስ ግን «ይተኛ፣ ይተኛ» አልኩ።

ድራፍት፣ ኮን ከተማ፦ አረፋ ነው። ጢም ላለው ሰው ከባድ ነው። ቢሆንም ብርጭቆው ትልቅ ስለሆነ እወደዋለሁ።

አልኮል የሌለው፦ ይሄንን ቢራ የሚለው ሰው ሙሽራ የሌለበትንም ሠርግ ይለው ይሆናል።

እንግሊዛዊቷ ይዛው የመጣችው መራራው፦ በትንሽ ቤት የሚጠመቅ፣ ውድ ነው ብላኛለች። ጌሾው የበዛ ጠላ ነው። ፊቴን ስጨፈግግ «ወደዱት?» አለችኝ። «በጣም» አልኩ። ሁለተኛ ሰጠችኝ። ውሸት ዋጋ ያስከፍላል።

እናኑ እየሳቀች ጻፈችው። ከዚያ «የእኔንስ?» አለችኝ።

«ገና አልቀመስኩም።»

«ቢገምቱስ?»

«ከጠላ ያንሳል፣ ከውኃ ይበልጣል።»

በእስክሪብቶዋ ጉልበቴን ወጋችኝ።

ሐሙስ

ዛሬ መልካም ሥራ ሠራሁ።

እናኑ ሁለቱን የብረት በርሜሎች አጥባ፣ በሆነ መድኃኒት አለቅልቃ አስቀመጠቻቸው። ቢራው ወደነሱ ተገልብጦ ጋዝ ይገባለታል። «አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ነገ እሞላለሁ» አለችና ብርጭቆ ልትዋስ ወደ ከተማ ወጣች።

አንዱን ከፍቼ አሸተትኩት። መርፌ መውጊያ ክፍል ነው የሚሸተው! ለላም ውኃ እንኳ በዚህ አይሰጥም። ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ መጠጥ የሚያስቀምጥ ሰው በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ልጅቷ ስድስት ዓመት ከተማ ኖራ ዋናውን ነገር ረስታለች፤ እኔ አያቷ ምን እሠራለሁ?

ጥሩወርቅም በዚያው ሰዓት ለማኅበራችን ጠላ ልትጥል ጋኗን እያጠነች ነበር። የተረፋትን ፍምና የወይራ ፍልጥ ወሰድኩ። በርሜሉን ደፋሁበት። ጭሱ እስኪጠግብ ድረስ አንድ መቁጠሪያ የሚያህል ጸሎት አደረስኩ። ፍሙ አለቀ እንጂ ሁለተኛውንም አልምረውም ነበር።

እናኑ ስትመለስ ቤቱ በሙሉ ወይራ ወይራ ይላል። የጋኑ ጭስ መስሏት ምንም አልጠረጠረችም። ያንኑ በርሜል ሞላችው፣ ጋዙን ለቀቀችበት፣ እያፏጨች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሲጣፍጥ ራሷ ደስ ይበላት ብዬ ዘጋሁት።

አርብ

ደስ አላላትም።

ጾም ስለሆነ ምላሷን ብቻ ነክታ ልትተፋው ነበር። ነካች፤ ተፋችው። እንደገና ነካች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ።

«ጭስ! አባባ፣ ቢራው ጭስ ጭስ ይላል! ምን ነክቶት ነው?»

ድመቷን ተመለከትኩ። ድመቷ ፊቷን አዞረች።

«አጥኜልሽ ነው» አልኩ።

«ምኑን?»

«በርሜሉን። በወይራ። ደህና አድርጌ።»

አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኛል፤ ለጩኸት መልስ አላጣም። በርሜሉ ጎን ቁጢጥ ብላ ጉልበቷን አቀፈች። «አባባ፣ እሱ እኮ ለእሁድ የሚደርሰው ነበር። ሁለተኛውን አሁን ብሞላው እንኳ ጋዙ በሁለት ቀን አይዘልቀውም። አረፋ የሌለው ሙት ቢራ ነው የማቀርብለት።»

ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጣች። «አንቱ ሰውዬ፣ ምን አደረጉ?»

«አንቺ የምታደርጊውን።»

«እኔ የማደርገው በእኔ ጋን ነው!»

ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ሳሾፍ ኖሬ፣ ሳላሾፍ ከልቤ የሠራሁት አንድ ሥራ ይሄ ነው። ውጤቱን ተመልከቱ።

ከሰዓት በኋላ እናኑ ሁለተኛውን በርሜል ሞላች። ከዚያ ወንበር አምጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እየጠበቀችው ነው። ከማን? ከእኔ! የገዛ ጓዳዬ ልገባ ስል «አባባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ» አለችኝ። ክብሪት መያዜን ለማየት።

አልያዝኩም። ቢሆንም ልብሷን ስታጣጥፍ አየሁ። ለመንገዱ ትራስ ብዬ የቀለድኩት ቀልድ ዛሬ አያስቅም።

ቅዳሜ

ገበያ ነው። ጎረቤቴ አያ ሞላ ከገበያ ሲመለስ ጠርቼ አስገባሁት። በላስታ ከእኔ ቀጥሎ አዋቂ ምላስ ያለው እሱ ነው፤ እሱ ግን «ከእኔ ቀጥሎ አንተ» ይላል። እናኑ ከሁለቱም ቀዳችለት።

ንጹሑን ቀመሰ። «ጥሩ ነው፤ ተኝቷል እንጂ።»

የታጠነውን ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። «ይሄ ነቅቷል። ግን አንተ ካሴ፣ ቤት ተቃጥሎብሃል እንዴ?»

እናኑ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ እንባ ቢኖርበትም ሳቅ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

«የትኛውን ላቅርብ አያ ሞላ?»

«የተኛውን አቅርቢ። እንግዳ ከሚያስለው ቢያዛጋ ይሻላል።»

በዚሁ ተወሰነ። የታጠነው ለእኔና ለሞላ ተፈረደልን። ቅጣት ነው ተብለን ተቀበልነው። ሁለት ሁለት ብርጭቆ ተቀጣን። ሦስተኛውን ልንቀጣ ስንል ጥሩወርቅ ምሕረት አደረገችልን።

እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አቶ መላኩ መጣ። ሞላም «እንዲሁ ሳልፍ ነው» ብሎ መጣ፤ ቤቱ በተቃራኒው በኩል ነው። እናኑ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ንጹሑን ቢራ በማንቆርቆሪያ ቀድታ ቀረበች። የታጠነው ለእኔና ለሞላ በሌላ ማንቆርቆሪያ፣ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀምጧል።

አቶ መላኩ ግማሽ ብርጭቆ ጠጣና አስቀመጠው። ደግ ሰው ነው፤ ቃል ሲፈልግ ይታያል።

«ጎበዝ ነሽ እናኑ። ንጹሕ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሄንማ በጠርሙስ መኪና ያመጣልኛል። ያውም አረፋ አለው።»

እናኑ «ገባኝ» አለች፤ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣብቃ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አረፋውን ማን እንደወሰደባት እኔ አውቃለሁ።

ጥሩወርቅ ግን የሰማችው ነገር የለም። እሷ የምታየው ብርጭቆውን ነው። በእሷ ቤት የእንግዳ ብርጭቆ ጎድሎ አያድርም፤ እስኪያልቅም አይጠበቅም፤ ሲጎድል ይሞላል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ስታደርግ አይቻታለሁ፤ ቀብር ላይም፣ ሠርግ ላይም። አጠገቧ ያለውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላችለት።

«እማማ!» አለች እናኑ።

«ምነው? የእግዜር እንግዳ ይጉደልበት?»

የታጠነው በንጹሑ ላይ ተንጣለለ። አረፋው ወጣ፤ ወፍራም፣ ነጭ። አቶ መላኩ እንቢ ማለት ነውር ስለሆነበት አንስቶ ተጎነጨ። ከብርጭቆው ላይ አፍንጫውን ሳያነሳ ቆየ።

«ይሄ ሌላ ነው። ይሄ ምንድን ነው?»

ሞላ ሊመልስ ሲል እግሩን ረገጥኩት።

እናኑ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ግማሹ በወይራ የታጠነ ነው። ግማሹ ያልታጠነ» አለች፤ ድሮውንም እንዲህ ታስቦ እንደተሠራ ሁሉ። የማን የልጅ ልጅ መሆኗን ያኔ አወቅሁ።

«የእናቴን ጓዳ ይሸታል» አለ አቶ መላኩ። «ግን ቢራ ነው።» እንደገና ቀመሰ። «እንግዳ ከአሸተን ሲወርድ፣ ደክሞት፣ በረንዳዬ ላይ ይሄንን ብሰጠው...» ሳይጨርሰው ጠጣ።

ሦስት ብርጭቆ ጨረሰ። ከዚያ ተነስቶ ቃሉን ሰጠ፦ እስከ ገና ድረስ በየሳምንቱ ሁለት በርሜል፣ ልክ እንደዚሁ ተቀላቅሎ። ከገና በኋላ እንግዶቹ ምን እንዳሉ አይቶ ይወስናል። እንግዲህ ገና ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። እናኑ ግን ወዲያው ስልክ አውጥታ ለአዲስ አበባው አሠሪዋ «አልመጣም» አለችው። ጥሩወርቅ እልል አለች። ሞላ ረጋጭ እግሬን ረገጠኝና ብድሩን መለሰ።

ማጠኑን የሚሠራው ማን እንደሚሆን ተጠየቀ። እናኑ አየችኝ። «አባባ ናቸው። ግን እኔ እየለካሁ፣ እሳቸው ሲጸልዩ ሰዓት እየያዝኩ።» በሹመት ላይ ጠባቂ ተጨመረብኝ።

አሁን ሁሉም ተኝተዋል ማለት ይቻላል፤ ጥሩወርቅ ብቻ ጓዳ ትንኮሻኮሻለች። እኔም ይሄን ከመዝጋቴ በፊት ንስሐ መግባት አለብኝ። አቶ መላኩ ሦስት ብርጭቆ ጨረሰ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። የጨረሰው ሁለት ነው። ሦስተኛው እንደተቀዳለት ስልኩ ጮኸና ወደ ደጅ ወጣ። እናኑ ዳቦ ለማምጣት ጓዳ ገብታ ነበር። በዚያች መሃል ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ተመልሳ ባዶውን ብርጭቆ ስታይ ፊቷ እንዴት እንደበራ ብታዩ፣ እናንተም አትናገሩም ነበር። ትዕዛዙ ግን እውነት ነው። ቢራውም እውነት ነው፤ ሦስተኛው ብርጭቆ በተለይ።