ተከፍቶ ያልታየ ባካፕ

እሑድ፣ ኅዳር 7። ጠዋት 2 ሰዓት

የሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች የትናንት ባካፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ አልፏል። አረንጓዴ ምልክት። እኔ በምልክት አላምንም፤ አንድ ፋይል መልሼ አውጥቼ ከፈትኩ። ተከፈተ። ማስታወሻዬ፣ ስንቴ እንደጻፍኩብሽ ታውቂያለሽ፦ ተከፍቶ ያልታየ ባካፕ፣ ባካፕ አይደለም። እዚህ ሳዑዲ፣ ኾባር ያለው ሆስፒታላችን ለሚገባ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህንኑ እሰብካለሁ። ሰልችቻቸዋለሁ።

ከቀኑ 7 ሰዓት

እትዬ የሺ ደወለች። ደማም፣ አል ነኺል፣ አንድ ቤት በቤት ሠራተኛነት ስምንት ዓመት ሠርታለች። እዚህ አገር እንደ ታላቅ እህት ያለችኝ እሷ ናት። እናቷ እማማ እናኑ ጥቅምት መጀመሪያ ደ/ታቦር አረፉ። ፈቃድ አላገኘችም፤ አልቀበረችም። የፊታችን አርብ አርባቸው ነው።

እማማ መጻፍ ስለማይችሉ በወንድሟ በደሳለኝ ስልክ ድምፃቸውን ይልኩላት ነበር። ካረፉ ወዲህ አንዱንም ለመስማት አልደፈረችም። ለአርባቸው ልትሰማ ቆርጣለች። ዛሬ ከፈት አድርጋ ብትሞክር እምቢ አለ። ፋይሉ የለም ይላል።

እኔ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ስልኳ ሞልቶ ሲያስቸግራት ያጸዳሁላት እኔ ነኝ። ፎቶዎቹ አካውንቷ ላይ መቀመጣቸውን አየሁ። የቀረውም ተቀምጧል ብዬ የድምፁን ማህደር ጠራርጌ አጠፋሁት። የመልእክት ባካፕ ግን ለብቻው ነው የሚበራው። እሷ ጋ በርቶ አያውቅም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ መሰለሽ? አውቃለሁ። አላየሁም እንጂ።

ቀላል ነው፣ አስተካክልልሻለሁ አልኳት። እኔ ነኝ ያጠፋሁት አላልኩም። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ማታ 12 ሰዓት

ከሥራ እንደወጣሁ አል ነኺል። ስልኩን በር ላይ ተቀበልኳት። ሲም ካርዷን አሮጌ ስልኬ ውስጥ ከተትኩላት። ዱቄት የነካ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መረቀችኝ። ምርቃቱን የት ላድርገው?

መልሶ ማግኛ ፕሮግራም ሞከርኩ። የአሠሪዋ የማዳም ልጆች ቪዲዮ ተገኘ፣ የገበያ ዝርዝር ፎቶ ተገኘ። የእማማ ድምፅ የለም። ከጠፋ በኋላ ስልኩን ስትጠቀምበት ሰንብታለች፤ ቦታው ላይ ሌላ ተጽፎበታል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ የምለቅመውም ያጣሁ መሰለኝ። አለቀስኩ። ሚስጥር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ጠዋት 4 ሰዓት፣ ሻይ ላይ

የኔ ደደብ! የተላከ ድምፅ እኮ የላኪውም ስልክ ላይ ይቀራል።

4፡20

ቁጥሩን ከእትዬ የሺ ስልክ አውጥቼ ደሳለኝን በስልክ አገኘሁት። ስልኩ አልተቀየረም። ግን እሱም ሞልቶበታል፤ ዛሬ ነገ ሊያጠፋፋው ነበር። ምንም እንዳትነካ ብዬ ጮህኩበት። የማያውቃት ሴት ከሳዑዲ ደውላ ስትጮህበት ምን ይበል? ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። እሱም ሳያለቅስ አልቀረም።

አስቀድመህ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቅዳ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ እኔ ላክ አልኩት። ሁለት ቦታ። አንድ ቦታ ያለ ነገር ጠፍቷል ብለሽ ቁጠሪው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሦስት ደረሱ። እትዬ የሺ ደውላ ቀስ ብላ ጠየቀች። አላጣደፈችኝም፤ ብታጣድፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሁሉም ገቡ፤ ሃያ ሦስት ድምፅ። ደሳለኝ ሌላ የለም ብሏል። ስልኳ ላይ ጫንኩ። ሌላ ቅጂ ሚሞሪ ካርድ ላይ። የመልእክቱንም ባካፕ አበራሁላት።

አሁን ሕጌ ይላል፦ ከፍተሽ እይ። ጣቴ የመጀመሪያው ላይ ነው። ባይሠራስ? አርባቸው ቀን፣ ፊቷ ላይ፣ ባይሠራስ?

አልከፈትኩም። ካረፉ ወዲህ የእናቷን ድምፅ ቀድማ መስማት ያለባት እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። መጠናቸውን ብቻ አየሁ። ባዶ የለም። ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

ሌላም ወሰንኩ። ስልኩን ሳልሰጣት በፊት ነው የምነግራት።

አርብ፣ ኅዳር 12። ማታ 1 ሰዓት

ማዳም ፈቅዳለች፤ የግቢውን በር የከፈተችልኝ ራሷ ናት። እትዬ የሺ ጓሮ ባለችው ክፍሏ ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቀችኝ። ቆሜ ነገርኳት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሑድም ደብቄሻለሁ።

የነጠላዋን ጫፍ አስተካከለች። ከዚያ፦ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ስልኬን አምኜ የሰጠሁት ላንቺ ብቻ ነበር» አለች። ይህ ይገባኛል። መሬቱን አየሁ።

ስልኩን ዘርግቼላት ልወጣ ስል ቀሚሴን ያዘች። «ኸላስ፣ በቃ። የት ትሄጃለሽ? ነይ ቁጭ በይ። ለብቻዬ አልችለውም።»

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጄን ያዘችኝ። በሌላው እጇ የመጀመሪያውን ነካች። ትንሽ ኮሽታ፣ የሩቅ ዶሮ። ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ ስልክ ስለማያምኑ እየጮኹ፦

«ደሳለኝ፣ ኧረ ይሄ ነገር ይሰማል ወይ? የሺዬ? ይሰማሻል?»

እትዬ የሺ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ይሰማል እማዬ» አለች። «ይሰማል።»